የእህቴ ኪኒንና የከሱት አይጦች

አንቺ የጤና ጣቢያችን ሚዛን ጠባቂ፣ ይህቺን ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ያረፍኩበት ሆቴል ውስጥ ሐኪሞች ለስብሰባ ተሰብስበዋል። ሻይ ፍለጋ አዳራሹ ብገባ የእህቴ የአንጀት ቁስለት ኪኒን ግድግዳ አክሎ ተስሏል። ተመራማሪዋ "አይጦቹ እንደ ልባቸው እየበሉ ከሱ" ስትል አጨበጨቡላት። ብርጭቆዬን እንደያዝኩ ጠጋ አልኳት። "እየበሉ?" ብላት "አዎ ወንድሜ፤ ገና ጥናት ነው፣ ለውፍረት ልንሞክረው ነው" አለችኝ።

እዚህ ለአይጥ ክሳት ይጨበጨባል፤ እኛ ጋ ግን ኪኒኑን መዋጥ ከጀመረች ወዲህ እየበላች የከሳችውን እህቴን ዶክተርሽ "ምግቡን እየደፋሽ ነው" ብሎ በወረፋው ፊት አዋረዳት፣ አንቺም ኪሎዋን ጮክ ብለሽ ጠራሽ። እናቴ እንኳን ዶክተሩን አምና የተደበቀ ምግብ ፍለጋ የእህቴን ትራስ ስር ፈተሸች።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። ቅዳሜ እህቴ ልትመዘን ስትመጣ ግን ዶክተሩ እዚያው ሚዛኑ ጋ ይቁምና፣ ኪኒኑን ለምን እንዳልጠረጠረ ወረፋው እየሰማ ይመልስላት።