ሰባት ዓመት ያልታረሰችው መደብ

ግንቦት 11፣ ሰኞ

የልጄ ልጅ ሪሃብ ስልኩን አስተካከለችልኝና ትምህርት ቤት ሄደች። "አባባ፣ እርስዎ ብቻ ያውሩ፣ እሱ ይጽፋል" አለች። ይጻፍ አይጻፍ በምን አውቃለሁ? እኔ ማንበብ አልችል። እሷ ፊደሉን አታውቅ። እናቷ ሰዓዳ ታነባለች፣ ግን የሰው ስልክ አትነካም። ስልኩ ጥሩ ሚስጥር ጠባቂ ነው።

ቻምበርስ የሚሉትን መንገድ ይዤ እስከ ሱቁ ሄጄ ተመለስኩ። አፓርትማው ደጃፍ ሣር ያጭዳሉ። አጭደው ይጥሉታል... ከብት የለ፣ ምን የለ።

ስሜ ይመር ነው። አገሬ ቃሉ ወረዳ ውስጥ እንደ እኔ ያረሰ የለም። ይሄም ይጻፍ።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሰዓዳ እርሻዋን አሳየችኝ። ልጄ የአፈር ተመራማሪ ናት። ከምንኖርበት የአሜሪካ ከተማ ከአውሮራ ወጥተን ወደ ምሥራቅ ነዳች፣ ሜዳ ብቻ። ሁለት መደብ ጎን ለጎን። አንዷ ታርሳ፣ ለስልሳ፣ እንደ ዱቄት። "ይቺን ያረሰ እጁ ይባረክ" አልኩ። ዝም አለች።

ሁለተኛዋ... አላህ ይጠብቀን። የአምናው ማሽላ አገዳ እንደቆመ፣ ገለባው እንደወደቀ፣ መሃል መሃሉ አረም።

"ይቺስ? ባለቤቷ ሞተ እንዴ?"

ሳቀች። "ዋናዋ እኮ እሷ ናት፣ አባ። ሰባት ዓመቷ።"

"ሰባት ዓመት ሳትታረስ? ሠራተኛሽ ሰነፍ ነው። አባርሪው።"

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ተወችው። "ፀሐዩ በረታብዎ፣ ወደ መኪናው እንሂድ" አለች።

ቅዳሜ አለቆቿና የአገሩ ገበሬዎች ሊያዩላት ይመጣሉ። ይሄን ጉድ ሊያዩ! የጥሪው ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴ ይቃጠላል። ይቺ የማን ልጅ ናት ቢሉስ?

ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ሽኩርን ጠራሁት። ኤርፖርት ታክሲ የሚነዳ የመርካቶ ልጅ ነው። የእርሻው አድራሻ ያለበትን የጥሪ ወረቀት በስልኩ ፎቶ አነሳው።

"አርሰህ ታውቃለህ?"

"ጋሽ ይመር፣ እኔ በሕይወቴ ያረስኩት ፒዮሪያ ስትሪትን ነው። እሱንም በመኪና።"

ሐሙስ ሰዓዳ ቢሮ ትውላለች። ሐሙስ ይሁን አልኩት።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

አረስኳት!

ሽኩር በእጅ የሚገፋ የማረሻ ማሽን ተከራየ። ያ ማሽን እንደ ወይፈን ይዘላል። መጀመሪያ ሽኩር ያዘው... ጎትቶ ጣለው። ከመሬት ሳይነሳ "ይሄ ነገር ኢንሹራንስ አለው?" ይላል። ቀማሁት። እርፍ የያዘ እጅ አይረሳም። ወደ ላይ አረስኩ፣ አግድም አረስኩ፣ ደገምኩ። አገዳውን ነቅዬ አወጣሁ።

እንዲህ ያለ አፈር ግን አርሼ አላውቅም። ጥቁር። ጓሉ እንደ ዳቦ ይቆረሳል። ትሉ ለጉድ። ሽታው ክረምት ክረምት ይላል። ያልታረሰ መሬት ከየት አመጣው? ብቻ ያዝ አድርጌ አሸተትኩና ቀጠልኩ።

አጥሩ ሥር ማሽኑ የማይደርስበት አንድ እርምጃ ቀረ። ቆጨኝ።

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወገቤ አልታጠፈም። ለሰዓዳ አልነገርኳትም። ስታየው ፊቷን ማየት ነው እንጂ!

ግንቦት 22፣ ዓርብ

አየሁት። ፊቷን።

ከጁምዓ ተመልሼ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ሰዓዳ ገባች። በጫማዋ ምንጣፉ ላይ ቆመች። ልጄ በጫማ ምንጣፍ ረግጣ አታውቅም። ጫማዋ ላይ ያ ጥቁር አፈር አለ።

"አባ... እርሻው ቦታ ማን እንደሄደ ያውቃሉ?"

"እኔ ነኛ! አማረልሽ?"

ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። ሪሃብ "ማሚ፣ ዋት?" አለቻት። በእንግሊዝኛ ነገረቻት፣ ቀስ ብላ፣ ረጅም ነገር። ሪሃብ ዞራ አየችኝና ማልቀስ ጀመረች። እንግሊዝኛ አላውቅም። ልቅሶ ግን አውቃለሁ።

ሰዓዳ ስትወጣ ሪሃብን ያዝኳት። "ምንድን ነው? ንገሪኝ።"

"አባባ፣ ያቺ ቦታ አትነካም ነበር። ኤክስፐሪመንቱ እሱ ነው። ካልታረሰ አፈሩ ምን እንደሚሆን... ሰባት ዓመት። የመጨረሻውን ሳምፕል የምትወስደው ሰኔ ላይ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?"

"ማረስ አፈር ያበላሻል ብላ ለእርስዎ? እንዳይከፋዎት ነዋ።"

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ "ምን አልሻቸው?" አልኳት።

"በስህተት ታረሰ አልኳቸው።"

ማን አረሰው ሲሉስ? አልጠየቅኳትም። አልነገረችኝም።

ብትጮህብኝ ምን ነበር! እጄን አስታጠበችኝ፣ ምሳ አቀረበችልኝ፣ "ይብሉ እንጂ" አለችኝ። የቆረስኩትን መልሼ አስቀመጥኩት።

ግንቦት 26፣ ማክሰኞ

ሽኩር ደወለ። አላነሳሁም።

ሰኔ 1፣ እሑድ

"ለገበሬዎቹ የምታሳያቸውን ለእኔም አሳይኝ" አልኳት። እምቢ አለች። "እኔ ገበሬ አይደለሁም?" አልኳት።

ሁለት ብርጭቆ ውሃ አመጣች። ሁለት ደረቅ ጓል፣ እኩል እኩል። አንዱ በየዓመቱ ከሚታረሰው መደብ ነው። ሌላው እኔ ካልደረስኩባት፣ ከአጥሩ ሥር ከቀረችው አንድ እርምጃ።

ከታረሰው የመጣውን ውሃው ውስጥ አስቀመጠችው። ወዲያው ፈረሰ... ውሃው ጭቃ ሆነ። ሁለተኛውን አስቀመጠች። ቁጭ አለ። ጠበቅኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ። ቁጭ እንዳለ ነው፣ ውሃው ጥርት ብሎ።

"ሥሩና ትሉ አያይዘውት ነው፣ አባ። ለአፈሩ ቤቱ ነው። ሲታረስ ቤቱ ይፈርሳል። ዝናብ ሲመጣ ውሃው መግቢያ ያጣል፣ አፈሩን ይዞት ይሄዳል።"

ይዞት ይሄዳል...

የዳገቷ መሬቴ። ለጤፍ አምስት ጊዜ የማርሳት። ለስልሳ ሰው ቆሞ የሚያያት። በየክረምቱ እየተሸረሸረች ሄዳ ዛሬ ገደል ናት። ጎረቤቴ ሙሄ ውሃውን ወደ እኔ አዞረብኝ አልኩ። ማለ። በቁርአን ማለ። አላመንኩትም። ሃያ ዓመት አኮረፍኩት። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም።

"የኛም መሬት የሄደችው በዚህ ነው?"

ብርጭቆውን አየች። "እርስዎ እንደ አባትዎ ነው ያረሱት።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። አዎ በይ፣ አይደለም በይ።"

"...አዎ፣ አባ። ዳገት ነበር፣ ዝናቡም ነበር። ማረሱም ነበር።"

"ይሄን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ።"

ሃያ ሁለት ዓመት! ያኔ ሙሄ በሕይወት ነበር።

ለምን እንዳልነገረችኝ አልጠየቅኩም። ብትነግረኝ እሰማት ነበር? ወላሂ አልሰማትም። ፊደል ቆጥራ መጣችና እርሻ ልታስተምረኝ እል ነበር።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ይቅር በይኝ። ለስልክ ስናገር ይወጣል። እሷ ፊት ስቆም አፌ እምቢ ይላል።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ማሽላ ልትዘራ ስትሄድ ተከትያት ሄድኩ። ከአጥሩ ሥር የቀረችውን እርምጃ በሲባጎ ከልላታለች። ናሙናዋን ከእሷ ትወስዳለች፣ ግን ጠባብ ናት፣ ለጥናቱ አትበቃም። መደቧን እንደገና ከመጀመሪያው ዓመት ትጀምራለች። ሳታርስ በቀጭኑ ሰንጥቆ ዘር የሚጥል መግፊያ አላት።

"የሙሄን ልጅ ስልክ ታውቂዋለሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። ደወለችና ሰጠችኝ። እዚያ አገር ቤት መሽቷል።

"ይመር ነኝ" አልኩት። "አባትህ ውሃውን አላዞረም። መሬቴን ያፈረስኳት እኔ ነኝ። በገዛ ማረሻዬ። ለመንደሩም ንገር።"

"አባቴ እስኪሞት ዒድ በመጣ ቁጥር ለእርስዎ የሚሆን ቦታ ይተው ነበር" አለኝ።

ስልኩን መለስኩላት። ሰዓዳ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና መግፊያዋን ያዘች። ጥቂት ሄዳ ቆመች።

"አባ፣ ይግቡ እንጂ። መርገጥ ችግር የለውም።"

አልገባሁም። ከመደቧ ጠርዝ ወዲህ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ዘርታ እስክትጨርስ ቆምኩ።