የቆራቢዋ ምራቅ

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

ሁለቱ የምራቅ ቱቦዎች ዛሬ በአውቶቡስ መጡ። አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእማዬ።

ሹፌሩ «መድኃኒት ነው?» አለኝ። «ባዶ ዕቃ ነው» አልኩት። ባዶ ዕቃ ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ድረስ ማን ይልካል በሚል ዓይን አየኝ።

የላከችልኝ ዶክተር ሄለን ናት። አምና አዲስ አበባ ለአንድ ጋዜጣ እየሠራሁ ቢሮ ውስጥ ተዝለፍልፌ የወደቅሁ ጊዜ ያከመችኝ እሷ ነበረች። ሕመሜን የነገረችኝም እሷ ናት፦ ምግቡ እያለ፣ ረሃቡም እያለ፣ መብላት የሚያስፈራ በሽታ። አሁን ከባልደረቦቿ ጋር በሽታው በዘር ይወረስ እንደሆነ ታጠናለች። የታማሚውን ምራቅ ከወላጁ ምራቅ ጋር ያስተያያሉ። አባቴ ሞቷል። የቀረችኝ እማዬ ናት፤ ከወደቅሁ ወዲህ እዚህ ሰቆጣ አብሬያት ነኝ።

እማዬ መታመሜን አታውቅም። የምታውቀው ጿሚ መሆኔን ነው።

ማክሰኞ 6

የእኔን ቱቦ ሞላሁ። ምራቅ ከመስጠት በፊት ለጥቂት ጊዜ ምንም አለመብላት ያስፈልጋል ይላል መመሪያው። እኔን የማያስቸግር ትእዛዝ።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ብቅ አለች። የጎረቤት ወረዳ የዝቋላ ልጅ ናት፤ ሰቆጣ ካገባች በኋላም አፏ ዝቋላ ነው።

«እኛ ዝቋላዎች ጾም የሚገባብን ማሽላው ሲቀር ነው» አለች።

«የእኔ ልጅ እያለላት ነው የምትተወው» አለች እማዬ። ኩራቷ ከድምፅዋ ይሰማል።

«እሱስ ልክ ነሽ። ግን ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትፈታው? በፋሲካም ያየሁት አጥንቷን ነው።»

እማዬ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ነጠላዬን ሰብሰብ አድርጌ ትከሻዬን ሸፈንኩ።

ከዓመታት በፊት ለጋዜጣው የአበርገሌን ድርቅ ዘግቤያለሁ። ፍየሎቻቸው ያለቁባቸው ሰዎች እህል የጫነ መኪና ሲጠብቁ አብሬያቸው ጠብቄያለሁ። ምግብ ያስፈራኛል ብዬ እዚህ አገር ለማን እናገራለሁ?

ረቡዕ 7

እማዬን ጠየቅኋት። ሰዓቱን አልመረጥኩም። ገና ከቅዳሴ መግባቷ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

«እማዬ፣ ትንሽ ምራቅሽን ፈልጌ ነበር።»

ደነገጠች። ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች።

«ቆርቤ! ቆርቤ የመጣሁ ሴትዮ ልትፋልሽ?»

የቆራቢ ልጅ ሆኜ ረሳሁት። ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው አይተፋም። እማዬ ደግሞ በፍልሰታ በየቀኑ ነው የምትቆርበው። ጠዋት ከመሄድሽ በፊትስ ብላት፣ «ከቁርባን ወደ ቁርባን ስሻገር በመሃል ምራቄን ዕቃ ውስጥ ልጥል? ጾሙ እስኪፈታ ከአፌ የሚወጣ ነገር የለም» አለች።

ትንሽ ቆይታ ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«እኔ ምግብ እምብዛም አልወድ የለ? በዘር የሚወርድ እንደሆነ ሊያዩ ነው።»

ሐሰት አልተናገርኩም። አርታኢ ብሆን ግን ይህን ዓረፍተ ነገር አላሳልፈውም ነበር።

ሐሙስ 8

እማዬ ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ «የጿሚ ዘር ሊመረመር ነው» ብላ አውርታለች። መንገድ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «በጸሎትሽ አስቢኝ፣ የታመመ ልጅ አለኝ» አለችኝ። የልጁን ስም ጠየቅኋት።

ማታ እማዬ ስለ ታናሽ እህቷ ስለ ሙሉ አጫወተችኝ። እኔ ሳልወለድ እንደሞተች አውቅ ነበር። እንዴት እንደሞተች ግን ዛሬ ነው የሰማሁት።

«እሷም እንዳንቺ ነበረች። ድግስ ቤት ገብታ ውኃ ጠጥታ ትወጣለች። ባል አምጥተንላት እምቢ አለች። በፍልሰታ ነው ያረፈችው። ቃሬዛዋን የተሸከሙት ሰዎች ባዶ መስሏቸው ገልጠው አዩት። መላእክት አግዘዋቸው ነው ተባለ። እስከ ዛሬ መቃብሯን የሚሳለሙ አሉ።»

እማዬ ስትነግረኝ ፊቷ በራ። እኔ ቃሬዛው ለምን እንደቀለለ አወቅሁ።

ለዶክተር ሄለን ደወልኩ። «በሽታ መሆኑን ሳታውቅ የምትሰጠውን ምራቅ አልቀበልም። አውቃ፣ ፈቅዳ ነው» አለች። ውጤቱም ለእኔ ለብቻዬ እንደማይነገረኝ አስታወሰችኝ፤ ከብዙ ሰዎች ጋር ተደምሮ ነው የሚታየው። ከዚያ፣

«እየበላሽ ነው?»

«ጾም ነው እኮ።»

«ዝናሽ፣ እየበላሽ ነው ወይ ነው ያልኩሽ።»

ኔትዎርኩን ሰበብ አድርጌ ዘጋሁት።

ዓርብ 9

ከቤት አልወጣሁም። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ብርድ። በክረምት ልብስ መደራረብ ማንንም አያስገርምም።

ከነገርኳት እህቷን ለሁለተኛ ጊዜ እቀብርባታለሁ። ካልነገርኳት እንደ ሙሉ እኔንም በኩራት ትቀብረኛለች። ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ቅዳሜ 10

ቅዳሜ ከባዱ ቀኔ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት ይበላል፤ የምደበቅበት ሰዓት የለም። እማዬ የገብስ ቂጣ በተልባ አቀረበችልኝ። ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብዬ ወጣሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ልቤ መምታቱን ትቶ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ። ስመለስ ቂጣው ተሸፍኖ ጠበቀኝ።

«ቅዳሜን እንኳ?» አለች እማዬ። ድምፅዋ የተግሣጽ አልነበረም። የአድናቆት ነበር።

ፈራሁ። ዳገቱ ላይ ከፈራሁት ይልቅ ይህን ፈራሁ።

እሑድ 11

የንስሐ አባታችን አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ። ከደጀ ሰላሙ ጥግ ቆመው ዝናብ ያራሰውን ጋቢያቸውን ይጨምቃሉ።

«ምራቅ ለቃሚዋ መጣሽ?» አሉኝ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል።

«አባ፣ ጾሙን እንድተው ይፍቀዱልኝ።»

«ለምን?»

«አልቻልኩም።»

«አንቺ ካልቻልሽማ ሰቆጣ በሙሉ ይብላ!» ብለው ሳቁ።

«መጾም አይደለም ያቃተኝ፤ መፍታት ነው» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። የጀመርኩትን ጨረስኩት፦ አዲስ አበባ መውደቄን፣ ሐኪሟን፣ ትናንት አጥር ይዤ መቆሜን። ስለ ሙሉ የጠረጠርኩትንም። አላቋረጡኝም። ሰው ሁሉን ነገር ሲሰማኝ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው?

«ሰይጣንም አይበላም» አሉ በመጨረሻ። «ባለመብላት ብቻ የሚጸደቅ ቢሆን እሱ በቀደመ። የታመመ አይጾምም። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ትበያለሽ። ሐኪሟ ያዘዘችውን፣ እንቁላልም ቢሆን። ተደብቀሽ አይደለም፤ እናትሽ ፊት።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ መብላቱን ፈቀድኩ። መናገሩ ግን ያንቺ ነው፣ ልጄ።»

ሰኞ 12

እንቁላል ቀቀልኩ። በፍልሰታ፣ በሰኞ ጠዋት፣ በቆራቢ ቤት።

እማዬ የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳ ከጓዳ ስትወጣ እየላጥኩት ነበር። ቅርፊቱን አየች፣ እኔን አየች። በኽምጣና አንድ ነገር አጉረመረመች። ስትቆጣና ስትጸልይ ወደ ልጅነት ቋንቋዋ ትመለሳለች፤ የትኛው እንደነበረ አላውቅም።

«አባ ፈቅደውልኝ ነው።»

«ምን ብለሽ?»

«ታምሜአለሁ ብዬ።»

ነገርኳት። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ በቀላል ቃል፦ ይህ ጽድቅም ኃጢአትም አይደለም፣ በሽታ ነው፤ ሰው ይሞትበታል፤ ምራቁም ለዚህ ነው። ቆማ ሰማችኝ።

«ሙሉስ?» አለች።

«ሙሉን አላየኋትም። አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ።»

በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች። እንቁላሉን በላሁ። ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ፤ ግን ግማሹ ሆዴ ገባ።

ከቅዳሴ ስትመለስ ነጠላዋ አፏ ላይ አልነበረም።

«ዛሬ አልቆረብኩም» አለች። «ልቤ እንዲህ ሆኖ አይቆረብም።»

ምራቋ ዛሬ ነፃ ነው። ቱቦው ከአልጋዬ ራስጌ ነበር። አልጠየቅኋትም።

ማክሰኞ 13

ትናንት ማታ እትዬ ዘውዴ ገብታ «ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ?» ብላ ቀለደች። የሚስቅላት ሰው አጥታ ወጣች።

ዛሬ ጠዋት እማዬ ራሷ እንቁላል ቀቀለችልኝ። እሷ ጾሟን አልፈታችም፤ የቀቀለችው ለእኔ ነው። ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«መቃብሯ ላይ ሄጄ ነበር» አለች። «ያንን ምራቅ ብሰጥሽ፣ ስለ እሷ ምን ይላሉ?»

«ስለ እሷ ምንም አይሉም። ስሟንም አያውቁት።»

«እኔ ግን አውቃለሁ።»

ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። «ጨርሺው። የምራቁን ነገር ቅዳሜ ጾሙ ሲፈታ እነግርሻለሁ።»

እሺም፣ እምቢም አላለችም። ለዶክተር ሄለን ይህንኑ ጻፍኩላት። ቅዳሜ ነሐሴ 17 ነው።