መንገዱን ሳልሻገር የሸኘኝ ማመልከቻ

ይድረስ «ሰገነት» ለተባለው የባለሙያዎች መገናኛ ድረ ገጽ የግላዊነት ጥበቃ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለዚያ እንቅልፍ የሚባል ለማያውቀው ኮምፒውተራችሁ ጤና እመኛለሁ። «ክቡር» ልበልዎ ወይስ «ክብርት» ለይቼ ባለማወቄ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስምዎን በድረ ገጻችሁ ላይ ከላይ እስከ ታች ፈልጌ አጣሁት፤ ፎቶ የለ፣ ስልክ የለ፣ አድራሻ የለ። በድርጅታችሁ ውስጥ የራሱን ምስጢር መጠበቅ አሳምሮ የሚያውቅ ሰው እንዳለ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ከልቤም አደነቅሁ። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ላይ የማወጣው እርስዎን የማገኝበት ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ደግሞም እናንተ የእኔን ጉዳይ ለአገር ስትናገሩ ቅር እንዳላላችሁ ሁሉ፣ እኔም የእናንተን ብናገር ቅር አይላችሁም ብዬ ነው።

ግሌንዳ ስታድኒክ እባላለሁ፤ የኔትል ሌክ፣ ሳስካችዋን ነዋሪ ነኝ። ሁለተኛ ደረጃን እንደጨረስኩ የገባሁት ቀያዮቹን ትራክተሮች ከሚሸጠው ድርጅት ነው፤ ዛሬም እዚያው የመለዋወጫ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ቺንጋ፣ ማጣሪያና ብሎን እሸጣለሁ፤ በመሃል በመሃሉ ደግሞ አወራለሁ። ከአውራ ጎዳናው ማዶ አረንጓዴዎቹን የሚሸጠው ድርጅት አለ። እርስዎ የትልቅ ከተማ ሰው ከሆኑ ይህ ምንም ላይመስልዎ ይችላል። እዚህ ግን ሰው ሃይማኖቱን ቢቀይር «እግዜር ይርዳው» ተብሎ ይታለፋል፤ የትራክተሩን ቀለም ከቀየረ ግን ወንድሞቹ ለገና እራት አይጠሩትም።

ታዲያ በዚህ በጋ መጨረሻ ከማዶ «የመለዋወጫ ክፍል ኃላፊ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ በ«ሰገነት» ላይ ወጣ። በእኛ ሱቅ በዚሁ ኃላፊነት ወንበር ላይ ዌስ ፓውላክ ተቀምጦበታል። ዌስ ደግ ሰው ነው፤ ጤነኛም ነው፤ ጉንፋን እንኳ ይፈራዋል። እሱ እስኪነሳ ብጠብቅ እኔ ቀድሜ እቀበራለሁ። እኔ ደግሞ በር ያለው ቢሮ አማረኝ፤ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ስልክ የማነሳበት። ነገር ግን ማዶዎቹ ሳይቀበሉኝ ቀርተው አለቃዬ አቶ ቨርን ኦልሰን መሻገር ማሰቤን ቢሰሙ፣ ከሁለቱም አጥቼ መቅረቴ ነው፤ በእኛ ከተማ ሦስተኛ የትራክተር ሱቅ የለም። ስለዚህ ነገሩ በምስጢር መያዝ ነበረበት። እናንተን ያመንኩትም ለዚህ ነው። እነሆ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ከማመልከቻው ሥር ቁልፍ ስለሳላችሁልኝ አመሰግናለሁ። «ይህን የሚያየው ቀጣሪው ብቻ ነው» ይል ነበር፤ አጠገቡ የተቆለፈች ትንሽ ቁልፍ ነበረች። እንዴት እንደምታምር! የቤቴ በር እንኳ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም። «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ፤ ሰላም አግኝቼም ተኛሁ። በማግስቱ ጠዋት «ግሌንዳ ስታድኒክ አዲስ እርምጃ ወስዳለች! የመለዋወጫ ክፍል ኃላፊ! ደስታዋን ይካፈሉ!» የሚል መልእክት ለማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ላካችሁ። ማመልከቴን ለመጻፍ ቦታ አጥሯችሁ ይሆናል፤ ሦስት ቃለ አጋኖ ግን ገብቷል።

2ኛ/ ማንንም ስላልረሳችሁ አመሰግናለሁ። ስመዘገብ ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ሁሉ ለካ ጠራርጋችሁ ወስዳችሁ ኖሯል። መልእክቱ ለአለቃዬ ደረሰ፤ ለቄሱ ደረሰ፤ ለጥርስ ሐኪሜ ደረሰ፤ በበረዶ ላይ አብረውኝ ድንጋይ ለሚያንሸራትቱት የከርሊንግ ጓደኞቼ ደረሰ፤ ለሟች ድመቴ ሐኪምም ደረሰ። ለቀድሞው ባሌ ለድዌይንም ደረሰ። ድዌይን እኔ በትዳራችን ዘመን ያልኩትን አንድም ነገር አልሰማም ነበር፤ እናንተ የነገራችሁትን ግን በአንድ ጊዜ ሰማ። ችሎታችሁን አደንቃለሁ።

3ኛ/ ሰው መልስ ለመጻፍ እንዳይቸገር ሁለት የሚጫኑ ሳጥኖች አዘጋጅታችኋል። አንዱ «መልካም ዕድል» የሚል፣ ትንሽና ግራጫ ነው። ሌላው «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል፣ ትልቅ፣ ፊኛዎች ከውስጡ የሚበሩበት ነው። ፊኛ እያለ ግራጫ የሚነካ ሰው ያውቃሉ? ከተማው በሙሉ ፊኛውን ተጫነ። የፊኛው ብዛት ደግሞ በስሜ ሥር ተለጥፎ ለማንም አላፊ አግዳሚ ይታይ ነበር፤ ይህችን ይያዙልኝ።

አሁን ይምጡና የእኛን አገር ሰው ይዩልኝ። የማዶውን ማስታወቂያ ያላየ ስለሌለ ሁሉም አውቋል፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም። የሰውን የግል ጉዳይ መጠየቅ ነውር ነዋ! በቢሮዬ በር ላይ — ይቅርታ፣ በር የለኝም — በባንኮኒዬ ላይ አቶ ቨርን ተደግፈው ቆሙ። ቆባቸውን አወለቁ። መልሰው ደፉ።

«ነፋሱ በርትቷል፣ አይደል?» አሉኝ።

«በርትቷል፣ አቶ ቨርን።»

«ነፋስ... መቼም... አንዱን ከዚህ አንስቶ እዚያ ማድረስ ነው ሥራው» አሉና፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ አንድ ዶናት አስቀምጠውልኝ ሄዱ። እኔም መልእክቱን አላዩት ይሆናል ብዬ ዶናቱን በላሁ። ደንበኞቼም እንዲሁ ናቸው። ማጣሪያ ሊገዛ የመጣ ገበሬ እጄን በሁለት እጁ ይዞ «ሁሌም ጥሩ አገልግለሽናል» ይለኛል፤ ለማጣሪያ! ነውር የማያውቀው የገዛ ወንድሜ ሌስ ብቻ ነበር። ስልክ ደውሎ ሰላምታም የለ።

«አንቺ! አረንጓዴ ነው አሉ?»

«ገና አመለከትኩ እንጂ...»

«አባታችን ይህን ሳያይ መሞቱ በጀው። የመዝሪያዬን ቺንጋ ከአሁን ወዲያ ከማን ልገዛ ነው? ከአንቺማ አልገዛም፤ እጅሽ ይበክለዋል!»

«ሌስ፣ ገና አልቀጠሩኝም እኮ!»

«እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እሱም ፊኛውን ተጭኖ ነበር፤ በኋላ አየሁት።

ከማዶ ግን አንድም ሰው አልደወለልኝም። ጠበቅሁ፤ ዝም። ሐሙስ ዕለት ይህንኑ ጋዜጣ ስገልጥ የራሴን ፎቶ አገኘሁ። «ለግሌንዳ ስታድኒክ መሸኛ ‘ብቅ ብለው ይሂዱ’ የሻይ ግብዣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፤ በማኅበረሰቡ አዳራሽ፤ ስጦታ አያስፈልግም» ይላል። ክቡርነትዎ፣ ሰው የራሱን የሞት ማስታወቂያ ቢያነብ እንዲህ አይደነግጥም፤ ቢያንስ ለሟች ሻይ አፍሉ አይባልም።

4ኛ/ ስለዚህ ግብዣም አመሰግናለሁ፤ ያለ እናንተ አይሆንም ነበርና። «ኧረ እኔ የትም አልሄድም» ብዬ ልናገር አዳራሹ ድረስ ሄድኩ፤ አፌንም ከፈትኩ። ነገር ግን ምግቡን ያሰናዱት ወይዘሮ ኦልጋ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ቆመው ስንት ትሪ ፔሮጊ፣ ያን ድንች የሚሞላውን ሊጥ፣ ጠቅልለዋል። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች የቴምሩን ኬክ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ቆርጠው ደርድረዋል። እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ «ስህተት ነው፤ ጠቅልሉና ወደየቤታችሁ» የሚል ጭካኔ እናቴ አላስተማረችኝም። «አመሰግናለሁ» አልኩ። ሥራዬን በጨዋነት የለቀቅሁት፣ በአፌ ፔሮጊ ይዤ፣ በዚያች ቅጽበት ነው።

አቶ ቨርን ንግግር አደረጉ። «መንገድ ብትሻገርም ግሌንዳ የእኛው ናት» አሉና አለቀሱ። ቀጥለውም በእኔ ቦታ የቀጠሯትን ልጅ አስተዋወቁኝ። ኬይትሊን ትባላለች፤ ጨዋ ልጅ ናት፤ ከሰኞ ጀምሮ በባንኮኒዬ ላይ ልትቆም ነው። ሰኞ እኔ የት እንደምቆም ግን በአዳራሹ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔን ጨምሮ። ያም ሆኖ አጨበጨብኩላት።

ይህን ጊዜ የማዶው ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ አርዲዝ ፍሪሰን እንደ ግብዣው ልማድ ብቅ አሉ። እሳቸው በዚህ ከተማ አይደለም ያደጉት፤ ከማኒቶባ ነው የመጡት፤ እዚያ ሰው የልቡን ይጠይቃል መሰለኝ።

«እሺ ግሌንዳ፣ ደስ ይላል! ለመሆኑ የት ነው የምትሄጂው?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ከስንት ቀን የነፋስ ወሬና ዶናት በኋላ ፊት ለፊት የተጠየቅሁት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበር።

«ወደ እናንተ ነበር እኮ!» አልኩ፤ ድምፄ ከምፈልገው በላይ ወጣ።

«ወደ እኛ? እኛማ ማመልከቻሽን አይተን ልንደውልልሽ ስንል፣ ያ ሁሉ ‘እንኳን ደስ አለሽ’ ተደርድሮ አየን። ሌላ ቦታ ተቀጥራ ሰው ሁሉ እየመረቃት ነው ብለን ተውነው።»

«ፊኛውን አይታችሁ?»

«ፊኛውን አይተን።»

እነዚያን ፊኛዎች የላኩት ሰዎች ሁሉ፣ ኬክ በአፋቸው እንደያዙ፣ እዚያው ቆመዋል። ድዌይን ጫማውን መመልከት ጀመረ። አቶ ቨርን ከመድረኩ ወረዱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ግሌንዳ፣ አልተቀጠርሽም ማለት ነው?»

«አልተቀጠርኩም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለምን አልጠየቁኝም?»

«የሰው ጉዳይ እንዴት ይጠየቃል!» አሉ፤ ከልባቸው ተቆጥተው። ከዚያም ወደ ወይዘሮ አርዲዝ ዞረው፣ ሰው ለጠላቱ በማያሳየው ትሕትና፣ «እባክሽ ውሰጂልኝ፤ እኔ ቦታዋን ሰጥቻለሁ» አሉ። በሕይወቴ አለቃዬ ስለ እኔ ሲለማመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ያም ሊያስቀሩኝ አልነበረም።

ወይዘሮ አርዲዝ ፊታቸው ጠቆረ። «ቦታው ትናንት ተያዘ» አሉ።

«ማን ነው?» አሉ አቶ ቨርን።

«እሱን አልናገርም። ማመልከቻ የግል ነው፤ ሰውዬው ራሱ እስኪናገር አፌን አልከፍትም።»

ክቡርነትዎ፣ እባክዎ ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግመው ያንብቧት። ደመወዝ የማትከፍሏቸው፣ የእርሻ መሣሪያ የሚሸጡ ሴት ናቸው የተናገሯት።

ወይዘሮ አርዲዝ አፋቸውን ባይከፍቱም ከፔሮጊው ትሪ ጀርባ አንድ ሹካ ወደቀ። ሁላችንም ዞርን። ዌስ ፓውላክ ነበር። ጆሮው እንደ ትራክተራችን ቀልቶ ነበር።

«ዌስ?» አሉ አቶ ቨርን።

«ሰኞ ልነግርዎ ነበር...»

«አንተም?! ድረ ገጹ ላይ አላየሁህም እኮ!»

«ድረ ገጽ አልነካሁም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መንገዱን ተሻግሬ ወረቀቱን በእጃቸው ሰጠኋቸው። ግሌንዳ፣ አንቺ ማመልከትሽን ያወቅሁት እንደማንኛውም ሰው ከሰጠሁ በኋላ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

«አየሁህ እኮ!» አለች ከወደ ሻዩ አንዷ። «ሳንድዊች ልትገዛ መስሎኝ!»

ልናደድበት ፈልጌ ነበር፤ ሳቁ ቀደመኝ። ጀምሬ ማቆም አቃተኝ፤ ወይዘሮ ኦልጋም ጉልበታቸውን ይዘው ተከተሉኝ፤ አዳራሹ ሁሉ ተከተለን። ሥራ የሌላት ሴት በራሷ መሸኛ ላይ እንዲያ ስትስቅ ታይቶ አይታወቅም። አቶ ቨርን ብቻ አልሳቁም፤ አንዴ ዌስን፣ አንዴ ኬይትሊንን፣ አንዴ እኔን እያዩ በጣታቸው አየር ላይ ወንበር ያንቀሳቅሱ ነበር። በመጨረሻ መጡና ቆባቸውን አወለቁ።

«ግሌንዳ፣ ነፋሱ...»

«አቶ ቨርን፣ ነፋሱን ይተዉትና ይጠይቁኝ።»

ቆባቸውን መልሰው ደፉ። «የዌስን ወንበር ትይዢልኛለሽ?»

«በር አለው?»

«አለው፤ ትንሽ ይንቋቋል እንጂ።»

እሺ አልኩ። ሌስ ከኋላ «ቀይ! ቀይ!» እያለ ጮኸ፤ ወንድሜ ለሠርጌ እንኳ እንዲያ አልጮኸም። ሰዎቹም ብቅ ብለው መሄዳቸውን ትተው እስኪመሽ ቆዩ።

ይህን የምጽፍልዎ በሩን ዘግቼ ነው። ቅሬታ የለኝም፤ ደስተኛ ነኝ፤ ይህን ደስታ ግን እናንተ ያመጣችሁት እንዳይመስልዎ። እናንተ ያመጣችሁት ባንኮኒዬን ማጣቴንና የማዶው በር እንደተዘጋብኝ መቅረቱን ነው። ከዚያ ያወጣኝ ዌስ በእግሩ መሻገሩ፣ የወይዘሮ አርዲዝ አለመናገርና የአንድ ሹካ መውደቅ ነው። ሁሉም ሰው እንደ እኔ ሹካ አይወድቅለትም። አለቃው ሻይ ሳይሆን ፖሊስ ጠርቶ ከበር የሚያስወጣው ሰው ብዙ ነው፤ እሱም ያችን ቁልፍ አይቶ ነው ያመናችሁ። ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ወይ ቁልፏ ትቆልፍ፣ ወይ ሥዕሏ ይነሳ።

ከማይናወጥ አድናቆት፣ ከወዳጅነትና ገና ሳልነግራችሁ ከምታውቁት ሌላ ስሜት ሁሉ ጋር፣

ግሌንዳ ስታድኒክ
የመለዋወጫ ክፍል ኃላፊ፣ ኔትል ሌክ

ማሳሰቢያ፦ ዛሬ ጠዋት ድረ ገጻችሁ «ለእርስዎ የሚስማማ ክፍት የሥራ ቦታ አግኝተናል!» ብሎ በፊኛ አጅቦ ማስታወቂያ ላከልኝ። ከፍቼ ሳየው በ«ሰገነት» ድርጅት ውስጥ «የግላዊነት ጥበቃ ኃላፊ፤ በአስቸኳይ» ይላል። እርስዎ ምናልባት ገና አልሰሙ ይሆናል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ እዚህ ጋዜጣ ላይ ከመጻፌ በቀር።