አንዲት ቅጠል የጎደለው ድሪ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፳፭ ቀን

ይድረስ ለምወድሽ አክስቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጉልበትሽስ ደረጃውን ይወጣል? እዚህ ማርቆስ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ስጠብቅ ጋቢሽን እመኛለሁ። ከዚህ በቀር ምን ጎደለሽ ብትይኝ አንቺን ብቻ ነው። ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ‹ዓይንሽ እንዴት ነው?› እንደምትይኝ አውቃለሁ። ሕፃን ሳለሁ የታመመ ዓይን እስከ ዛሬ ይጠየቃል። የእሱን መልስ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ ዛሬ ታገሺኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ ብጀምርልሽ ገና ሁለት ቃል ሳልናገር ‹በእመብርሃን ይዤሻለሁ፣ ተይ› ብለሽ አፌን ትዘጊዋለሽ። አውቅሻለሁ። ደብዳቤን ግን መገዘት አይቻልም። ስለዚህ በመሠረተ ትምህርት የተማርሽውን ፊደል ለእኔ ስትይ አውጪው፤ መነጽርሽን አድርጊና ቁጭ ብለሽ ቀስ እያልሽ አንብቢው።

የጥንት ጌጣጌጥ እየሣልኩ እንደሆነ ነግሬሽ ነበር። የእግር አልቦ፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ወለባ፣ የአንገት ድሪ፤ እያንዳንዱን ለብቻው፣ ሰው በሚያህል ሸራ ላይ። ለጥር ወር የሥዕል ትርኢት ሁሉም አልቀው አንድ ብቻ ቀረኝ፤ ያንቺ የሠርግሽ ድሪ። ያው በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍሽ ላይ ያለው ነው። ብሩን እንክብል በእንክብል ሣልኩት። ከታች የሚንጠለጠሉትን ትንንሽ የብር ቅጠሎችም ሣልኩ፤ በግራ በኩል አንዷ ቅጠል ጎድላለች፣ ክፍተቷን እንዳለች ተውኳት። መሐል ላይ ያለችው ድንጋይ ግን በፎቶው ግራጫ ናት። ቀለሟ ምን ነበር ብዬ ብጠይቅሽ ረሳሁት አልሽኝ። የጎረቤት ላም በየትኛው ክረምት እንደወለደች የምታስታውሽ ሴትዮ የሠርግሽን ድንጋይ ረሳሽ። ትንሽ ተቀይሜሽም ነበር።

ስለ ድሪው እየሰማሁ ያደግሁት ወሬ አንድ ነው። ቁይ ገበያ ጠፋብኝ ማለትሽ፤ ድሪው የእናታቸው ነበርና ባልሽ ጋሽ አበባው ‹ለሌላ ወንድ ሰጥታው ነው› ማለታቸው፤ በዚሁ ትዳሩ መፍረሱ፤ አንቺም እናቷ የሞተችባትን የእህትሽን ልጅ፣ እኔን፣ አዝለሽ ቡሬ መግባትሽ። ከዚያ ወዲህ ለለቅሶ እንኳ ቁይን ረግጠሽ አታውቂም። ሰው በፊትሽ የቁይን ስም ካነሳ ወሬ ትቀይሪያለሽ።

እንግዲህ ቁይ ሄጄ ነበር። አትቆጪ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው ማርያም የድሮ ሥዕል አላት፣ ሠዓሊው ጌጥ አሣሣል ያውቅ ነበር ብለው ነገሩኝ። ያንቺ ደብር መሆኗን አልሳትኩም፤ ሳልነግርሽ የሄድኩትም ለዚሁ ነው። ገበዙ አባ ገብረ ኪዳን ፈቀዱልኝና በደቡብ፣ በሴቶች በር ገባሁ። መጋረጃውን የገለጡልኝ የድሮ ጎረቤትሽ እትዬ እቴናት ናቸው። ምርኩዝ ይዘዋል፤ ምላሳቸው ግን ምርኩዝ አያስፈልገውም። ማን እንዳሳደገኝ ነገርኳቸው። ከዚያ መጋረጃውን ሳብ አደረጉና፣ ሠዓሊ አይደለሽ፣ እይ እንጂ አሉኝ።

አክስቴ፣ በሕይወቴ ብዙ ሥዕል አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ግድግዳውን ሞልታዋለች። ሰማያዊ መጎናጸፊያዋ ላይ ከዋክብት የተበተኑ መስሎኝ ነበር፣ ከታች ሳይ። መሰላል አስመጥቼ ቀረብ ስል ኮከብ የለም። ጉትቻ ነው። ቀለበት ነው። አንዱ የሕፃን አምባር ነው፣ ከጥፍሬ አይበልጥም። አንዱ ጫፉ የተጣመመ ወለባ ነው። አንዱም ከሌላው አይመሳሰልም። ሠዓሊው ከራሱ አልፈጠራቸውም፤ እያንዳንዱን በእጁ ይዞ፣ ከነስብራቱ ነው የሣለው። እኔ ስንት ወር ሙሉ አንድ ጌጥ በአንድ ሸራ እያልኩ ስኩራራ፣ እዚህ የአገሩ ሴት ሁሉ ጌጥ በአንድ ልብስ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቀኛል።

አባ ገብረ ኪዳን ከታች ሆነው የደብሩን ልማድ ነገሩኝ። ሴት ጌጧን በስለት ስትሰጥ ጌጡ ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለጧፍ፣ ለመጻሕፍት ተሽጦ ያልቃል። ስለቱ ግን አብሮ እንዳያልቅ፣ ከመሸጡ በፊት ሠዓሊው መሪጌታ ወልደጊዮርጊስ የእመቤታችን መጎናጸፊያ ላይ ሥለው ያኖሩት ነበር። ስም አይጻፍበትም። የሰጠችው ታውቀዋለች፣ የተቀበለችው ታውቀዋለች፣ ሦስተኛ ሰው ምን ያደርጋል አሉኝ።

ይህን እየሰማሁ የያዝኩትን ጧፍ ወደ እመቤታችን አንገት ከፍ አደረግሁት። አንገቷ ላይ ያለው ጌጥ አንድ ብቻ ነው። ብር፣ እንክብል በእንክብል። ከታቹ ቅጠሎች። በግራ በኩል አንዷ የለችም። መሐል ላይ ያለችው ድንጋይ ሰማያዊ ናት፤ ጤዛ ያልለቀቀው የተልባ አበባ ሰማያዊ። ብርጭቆ ትሁን ዕንቁ እንጃ፤ ከእሷ በኋላ ሌላውን ቀለም ለማየት ዓይኔ እምቢ አለኝ። ሌላው ሁሉ መጎናጸፊያዋ ላይ ሆኖ ይሄ ለምን አንገቷ ላይ ሆነ ብዬ አባን ጠየቅኋቸው። ሌሎቹ ከሳጥን አውጥተው ያመጡት ነው፣ ይህችኛዋ ግን እዚሁ ቆማ ከአንገቷ ፈትታ ነው የሰጠችው፣ መሪጌታም ከአንገት የወጣ አንገት ላይ ይገባል ብለው ነው አሉኝ። የማን ነው ብላቸው፣ እሱን እንኳን ላንቺ ለራሴም አልነግረው አሉ።

ወደ እትዬ እቴናት ዞርኩ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሳሉ። ገዝታኛለች ልጄ፣ መናገር አልችልም፣ እንዳላሳይ ግን አልተገዘትኩም አሉኝ። ያን ያህል ዘመን ከዚያ ሥዕል ሥር ቆመው ሲያስቀድሱ፣ አንቺን በየቡናው ሲያሙሽ እየሰሙ፣ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። የዚያ ምላስ ባለቤት መሆናቸውን ስታስቢው ይህም ራሱ ሌላ ተአምር ነው።

በማግስቱ መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው ስጠይቅ፣ አባ ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሽማግሌ ላኩልኝ። ጋሽ አበባው ነበሩ። እሳቸው አላወቁኝም፤ እኔ ግን ከሠርግ ፎቶሽ ላይ አውቃቸዋለሁ፤ ሁሉ ነገራቸው ሲያረጅ ጆሯቸው ያው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያች ቤተ ክርስቲያን አስቀድሰዋል፤ ግን በሰሜን፣ በወንዶቹ በኩል። ወንድ ልጅ በሴቶች በኩል ምን ሊያደርግ ይመጣል? ያቺን ሥዕል አንድ ቀን እንኳ አይተዋት አያውቁም።

ነገሩ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አንቺ ትዳርሽን ያህል ነገር ከፍለሽ የጠበቅሽውን ዝምታ እኔ በአንድ ትንፋሽ ላፍስሰው? ደግሞስ ሲያሙሽ መኖራቸውን ዝም ብዬ ልለፍ? በመጨረሻ የእትዬ እቴናትን ዘዴ ያዝኩ። ጧፉን አንገቷ ላይ አብርቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ጥቂት ቆይቶ መሰላሉ ተነቃነቀ። ወደ ታች ሳይ ቀና ብለው እያዩ ነው። ያቺን የጎደለችውን ቅጠል ልጅ ሳሉ ነክሰው የቆረጧት እሳቸው እንደሆኑ፣ እናታቸውም አለንጋ ይዘው እስከ ወንዝ እንዳባረሯቸው፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ባይታወቅም ተናገሩ። ከዚያ የየት ልጅ ነሽ አሉኝ። ቡሬ ነው ያደግሁት አልኳቸው። ማን አሳደገሽ አሉኝ። አክስቴ አልኳቸው። እስቲ ውረጂ አሉኝ። ስወርድ ጧፉን ተቀብለው ወደ ፊቴ አስጠጉና የግራ ዓይኔን አዩት፤ ያቺን፣ ሕፃን ሆኜ ቤታቸው ሳለሁ ከያዘኝ ሕመም የቀረችውን ነጭ ነጥብ። ቆመው ቀሩ። የጧፉ ሰም ነጠላዬ ላይ ጠብ አለ፤ እስካሁን አልለቀቀም፣ እኔም አላጠብኩትም።

ጋሽ አበባው፣ ‹እናቴ በሕይወት ብትኖር ድሪዋን በገዛ እጇ ትሰጠው ነበር› አሉ። ‹አክስትሽ እኔን ብትጠይቀኝ ግን እምቢ እል ነበር፣ ይህን ስለምታውቅ ነው ያልጠየቀችኝ› አሉ። ከዚህ ሌላ ምንም አልተናገሩም። በሚቀጥሉት ቀናትም ማንም ሳይልካቸው እየመጡ እስክጨርስ መሰላሉን ያዙልኝ። ስንሰነባበት፣ ለአክስትሽ ስትጽፊ መሰላሉን የያዘው እሱ ነው በያት አሉኝ። ብያለሁ።

ማርቆስ ተመልሼ ድንጋይዋን ቀባኋት። ያንን ሰማያዊ እስካገኝ ስንት ቀለም እንዳበላሸሁ አትጠይቂኝ። አሁን ሸራው ግድግዳዬን ተደግፎ ቆሟል፤ ሳየው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ስም አልጻፍኩበትም። በትርኢቱ ይሰቀል ካልሽ ይሰቀላል፣ አይሁን ካልሽ አንቺው ቤት ይመጣል። ለአስተርዮ ማርያም ግን አብረን ቁይ እንሂድ። እትዬ እቴናት ከሥዕሏ ሥር፣ ከጎናቸው ቦታ ይዘውልሻል፤ አታሳፍሪያቸው።

ሁለት ወሬ ነግረሽኛል አክስቴ፤ አንዱ ስለ ጠፋ ድሪ፣ አንዱ በጸበል ስለ በራ የልጅ ዓይን። ሁለቱን በአንድ ቀን ነግረሽኝ አታውቂም። ለምን እንደሆነ አልጠይቅሽም።

እመብርሃን አደራ ያስቀመጥሽባትን በዕድሜና በጤና ትመልስልሽ። ጉልበትሽን ታጽናልሽ። ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ምርቃትሽም ከእኔ አይራቅ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ዓይኔ ደኅና ነው። ከመሰላል ጫፍ ላይ ሆኖ፣ በጧፍ ብርሃን፣ የጎደለች አንዲት የብር ቅጠል ያያል።

ልጅሽ