ለበርህ ያልተውኩት ቦታ

ውድ ዋርሳዬ ሞሌፊ፣

ይህን የምጽፍልህ እህትህ ሴቱንያ ጻፍለት ብላኝ አይደለም። እሷ እስካለፈው እሑድ ድረስ ሁለት ዓመት ስምህን አልጠራችም፤ ሌላ ሰው ሲያነሳህ እንኳ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። በልጃችን በዋሜ ሠርግ ቀን የናቅኸን መስሏት ነበር። አልናቅኸንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

የጋብቻ መመዝገቢያ ጽሕፈት ቤቱን ግቢ የመኪና ማቆሚያ የቀባሁት እኔ ነኝ። ልጄ የምትፈራረመው ሐሙስ ነበር፤ እኔ ሰኞ ቀባሁት። አንተ ይህን ሳታውቅ አልቀረህም፤ ሥዕሉ ያንተ ነውና። ያ የጭነት መኪና እግሮችህን ከወሰደብህ በኋላ ቤት ተቀምጠህ ለቀለም መቀቢያ እንዲሆነኝ ከቆርቆሮ የቆረጥከው፣ ዊልቸር ላይ ሆኖ ወደ ፊት ያጎነበሰው ሰውዬ። «ምነው አጎበጥከው?» ብልህ፣ «በሽተኛ አይደለም እኮ፣ ቸኩሎ ነው!» ብለህ ሳቅክብኝ። ቀጥለህ ያልከውንም አልረሳሁም። «ስማ ሞዲሪ፣ ሥዕሉማ ለሹም ማሳያ ነው። ለእኔ የሚያስፈልገኝ የመኪናዬ በር መክፈቻ ቦታ ነው። በሩ እስከ ጥጉ ካልተከፈተ ዊልቸሬን አላወርድም። እሱን ካላወረድኩ ደግሞ እንደ ዶሮ ቆጥ ላይ ቀረሁ ማለት ነው።»

ሰኞ ዕለት ልክ እንዳልከው ነበር የለካሁት። ሦስት ማቆሚያ፣ በያንዳንዱ ጎን ደግሞ ሰያፍ መስመር የሚሰመርበት ሰፊ ቦታ። የጽሕፈት ቤቱ ሹም እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መጣና በጠመኔ ያሰመርኩትን አየ።

«ይሄ ባዶው ለማን ነው?»

«ለበር ነው ጌታዬ።»

«በር ደግሞ መቆሚያ ይፈልጋል እንዴ? ሐሙስ ሐሙስ ሠርግ አለብን፣ መኪና የምናቆምበት አጥተናል። አራት አድርጋቸው። ሥዕሉን ሳለው፣ ማን ከለከለህ?»

የአዲሱን ገበያ የማስመር ሥራ እንዳይነሳኝ ፈራሁ። ጠመኔውን በጫማዬ አጠፋሁት። ማንም አላስገደደኝም ሞሌፊ፣ በገዛ እግሬ ነው ያጠፋሁት። ከዚያ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ያንተን ሰውዬ አሳምሬ ቀባሁት።

ሐሙስ ከፍራንሲስታውን ድረስ ነድተህ መጣህ። የእናት ወንድም ሳይኖር ሙሽራ ተዳረች አይባልምና ወንበርህ ከፊት ነበር። እኛ ገብተን ተቀምጠናል፤ ስልኮቻችንን በር ላይ ሰብስበውብናል። አንተ የገዛ ሥዕልህን አይተህ እዚያ ላይ አቆምክ። የሙሽራው ዘመዶች ፒክአፕ በቀኝህ፣ መሪህ ባለበት በበርህ በኩል ተጠጋ፤ ሌላው ከኋላህ ዘጋ። ክላክስ ነፋህ። ሴቶቹ ሰምተው፣ «ሠርገኛ መጣ!» ብለው እልል አሉ። ደግመህ ነፋህ። እነሱም ደግመው እልል አሉ። አንተ ድረሱልኝ ባልክ ቁጥር ቤቱ በደስታ ይቀልጥ ነበር።

እኔ ግን አወቅሁህ። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። አሥራ ሁለት ዓመት የገመዱን ጫፍ ይዘህልኝ መንገድ ስናሰምር፣ መኪና ሲመጣብኝ የምታፏጭልኝ እንደዚያ ነበር። ያ ፉጨት ስንት ጊዜ ከጎማ ሥር አውጥቶኛል።

ከወንበሬ ተነሳሁ። አፈራራሚዋ፣ «የሙሽራዋ አባት፣ ይቀመጡ እንጂ፤ ከኋላችሁ ሰባት ሙሽሮች ይጠብቃሉ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ብወጣ ሁሉም ይከተለኛል፣ ይህን ማን ቀባው ይሉኛል ብዬ ነው። አንዲት ፊርማ ናት፣ ከዚያ እወጣለሁ አልኩ ለራሴ። በወንበርህ የአጎትህን ልጅ አስቀመጡ።

ስንወጣ የለህም። ከኋላህ የነበረው መኪና ሲነሳ ሄደሃል። ዘበኛው ለሙሽራዋ ስጥልኝ ያልከውን ብርድ ልብስ ይዞ ቆሟል። እህቴ የቲሮ እናት ታውቃታለህ፣ አፏ አያርፍም። «ደጃፍ ደርሶ ሳይገባ? ከጥሎሹ ከብት የአጎት ድርሻ አነሰኝ ብሎ ይሆናላ!» አለች። ዋሜ በዚያ ነጭ ቀሚሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ፣ አጎቴን ምን በድዬው ነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አልኳት።

ከሁሉም ይህችን መልስ ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። አንተ ደግሞ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርክም። እስክናገር ስትጠብቀኝ እንደኖርክ ነው የሚሰማኝ።

ባለፈው እሑድ ተናገርኩ። ዋሜ ሴት ልጅ ወልዳለች። አራስ ቤት ደጃፍ ቆሜ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዋሜ አለቀሰች። ሴቱንያ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድሜን ተቀይሜ ስኖር እያየህ እራትህን ትበላ ነበር?» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። እውነቷን ነው። ማክሰኞ ጽሕፈት ቤቱ ሄጄ አራቱን ፍቄ ሦስት አደረግኳቸው። ሹሙ ጮኸ። ይጩህ።

የሚመጣው ቅዳሜ ሳምንት ሕፃኗ ከአራስ ቤት ትወጣለች። ዋሜ አጎቴ ካልመጣ አላወጣትም ብላለች። የምትታቀፍበት ያ ብርድ ልብስህ ነው፤ እስከ ዛሬ ከነእጥፋቱ ነበር።

ከበራችን አጠገብ፣ በተጠረገው አፈር ላይ፣ በኖራ አንድ ማቆሚያ አስምሬልሃለሁ። የመኪናዬን በር እስከ ጥጉ ከፍቼ፣ አጠገቡ ወንበር አስቀምጬ ነው የለካሁት። ጎረቤቱ ሞዲሪ አበደ፣ ለአቧራ መስመር ያሰምራል ይላል። ዶሮዎቹ ይጭሩታል፤ ጠዋት ጠዋት አድሰዋለሁ። ባትመጣም ማደሴን አልተውም።

ከመጣህ ግን ክላክስህን ንፋ። ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። አሁን አልቀመጥም።

የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዝኩት፣
ዋርሳህ ሞዲሪ