የአባ ብልቃጥ ፊርማና የሠላሳ አንድ ጥጆች ሞት

ወንድማችን ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ግንቦት 9 ቀን 1951 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። እኔ ታላቅ እህታቸው ነኝ። አዝዬ ያሳደግኩትን ልጅ «እርሳቸው» ማለት ቢተናነቀኝም የቀብር ዕለት ወግ ነውና ችዬዋለሁ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጨርሰው በ1970 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት በመኖ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ክፍላቸው መስኮቷ ወደ ወፍጮው የሚከፈት፣ ጠዋት የጠረጉት ጠረጴዛ እስከ ምሳ ዱቄት የሚለብስባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ብልቃጥ ከእጃቸው ስለማይለይ «አባ ብልቃጥ» ተባሉ። በ1977 ዓ.ም. የፋብሪካውን ታይፒስት አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወልደዋል።

ዋና ሥራቸው አኩሪ አተር መፈተን ነበር። ጥሬ አኩሪ አተር የእንስሳን ምግብ መፍጨት የሚያግድ ፕሮቲን አለው፤ በደንብ ሲቆላ ይጠፋል። ወንድማችን ከተቆላው ዱቄት ቆንጥረው መመርመሪያ ፈሳሽ ውስጥ ይጨምራሉ። ከቀላ ጥሬ ነው፤ ቀለሙ ካልተለወጠ «አልፏል» ብለው ይፈርማሉ። በዚያች ፊርማ የነበራቸው ኩራት ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. የፋብሪካው አመራር፣ ጥጃን በሥዕል እንጂ በአካል አይቶ የማያውቅ አመራር፣ በፋብሪካው የከብት እርባታ ለተወለዱ ጥጆች ወተት ቀርቶ አኩሪ አተር በውሃ ተበጥብጦ እንዲሰጥ ወሰነ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጥበባቸው ተጨበጨበላቸው። ወንድማችን ዱቄቱን ፈተኑ፤ ቀለሙ አልተለወጠም፤ ፈረሙ። በአርባ ቀን ውስጥ ሠላሳ አንድ ጥጆች በተቅማጥ አለቁ።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባቱ አባላት አንድ ቀን እንኳ በረት ሳይገቡ፣ በለስላሳ ወንበር ተቀምጠው፣ ጥፋቱ ያልታጠበ ባልዲ ነው አሉ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። የጥጆቹ ተንከባካቢ፣ በፈላ ውሃ ባልዲ ስታጥብ የእጇ ቆዳ የተላጠ ልጅ፣ «በቸልተኝነት» የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷት ተባረረች። ያ ደብዳቤ የሌላውን እርባታ ሁሉ በር ዘጋባት።

ከመሄዷ በፊት ወንድማችን ዘንድ መጥታ ነበር። «ጋሼ፣ ባልዲው ንጹሕ ነው። በሞቴ፣ ዱቄቱን እንደገና ይዩልኝ» አለቻቸው። «ፈተናውን አልፏል፣ ልጄ» ብለው ወደ ብልቃጣቸው ዞሩ።

ሆኖም እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ከእንስሳት ሐኪሙ የአንድ ጥጃ አንጀት ቁራጭ ለምነው በማይክሮስኮፕ አዩ። በጤነኛ አንጀት ግድግዳ ላይ እንደ አዲስ ፎጣ ጸጉር የሚቆሙት ጥቃቅን ነገሮች አጥረው ተላጭተዋል። እጅ ለእጅ ተያይዘው መኖር የሚገባቸው ሕዋሳት ተላቅቀዋል፤ ብዙዎቹም ሞተዋል። መጽሐፍ ሲያገላብጡ፣ አኩሪ አተር መቆላት የማይበግራቸው ሌሎች ሁለት ፕሮቲኖች እንዳሉት፣ የሕፃን ጥጃ አንጀት እነሱን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋ ራሱን እንደሚጎዳ አነበቡ። ሠላሳ ዓመት የተማመኑበት ፈተና እነዚህን ፈጽሞ አያያቸውም።

ይህን ካወቁ በኋላ አሥራ አንድ ወር ዝም አሉ። እህታቸው ስለሆንኩ አልሸፋፍንም፤ ፈሪ ነበሩ። ልጅቷ ሥራ ስትለምን ስትዞር እርሳቸው ጡረታቸውን ይቆጥሩ ነበር። በንቀት አይቻቸዋለሁ፤ ነግሬያቸዋለሁም።

በመጨረሻ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ኮሚቴው ፊት ቆመው «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ዋና ሥራ አስኪያጁ «ሰውዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ!» አሏቸው። በሳምንቱ ወደ መለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ተዛወሩ። ከዚያ እስኪሞቱ፣ የልጅቷን ስም የሚያጠራ ደብዳቤ ፍለጋ ኮታቸውን ተኩሰው በየወሩ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ በር ላይ ቆሙ። «ነገ ይምጡ» ሲሏቸው አሥራ ሁለት ዓመት አለፈ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈበት እውነት ግን እንዴት አድርጎ ይጠራል?

ወንድማችን በጉበት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በስልሳ አራት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኔን ትተዋል። አልጋቸው ላይ ሆነው ይህ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ አዘዋል፦ «ጥጆቹን የገደላቸው እኔ የፈረምኩበት ዱቄት ነው። የልጅቷ ባልዲ ንጹሕ ነበር።»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ዛሬ «ለማይረሱት ባለሙያችን» የሚል ትልቅ የአበባ ጉንጉን ይዘው ፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ይህን የሕይወት ታሪክ በክብር ላንብበው ብለውም ነበር። ከአንገት በላይ ሐዘን አያስፈልገንም ብለን ለጥጆቹ ተንከባካቢ እንድታነበው ሰጠናት። እስካሁን የሰማችሁት የእርሷን ድምፅ ነው። ለነፍሳቸው የሚባለውን የመጨረሻ ምርቃት እኔ አልጻፍኩም፤ ከዚህ በታች ያለውን ቦታ ባዶ ትቼላታለሁ። ይቅር ካለቻቸው፣ ራሷ ትበለው።