የራሴ ፈጠራ ነው ያልኩት የአልጋ ልብስ

እሑድ

ሰው አበደ! ፎቶውን የለጠፍኩት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ነው፤ ነጠላዬን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ምሳ ሳላቀርብ ስልኬ ጢው ጢው ይል ጀመር፣ እስካሁን አላባራም። ሰባት ወር ሙሉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስቀጥል፣ ስፈታ፣ መልሼ ስቀጥል የከረምኩት የአልጋ ልብስ በመጨረሻ አለቀ። አጥሩ ላይ አስጥቼ ነው ያነሳሁት። ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ደግሞ አንዲት አረንጓዴ። ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወስዳል። የራሴ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው። እሺ፣ ስለሆነም ነው።

እህቴ ከደብረ ታቦር «ቁልፍ መትከል የማትችለው ሙሉ አንቺ ነሽ?» ብላ ጻፈችልኝ። አዎ፣ እኔው ነኝ። ትቃጠል።

አንዲት የማላውቃት ሴት «ዲዛይኑ ከየት ነው? ስሙስ ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ደስታው አስክሮኛል። «የራሴ ፈጠራ ነው፤ ስሙ የወልቂጤ ጀምበር» ብዬ መለስኩላት። ጀምበሯ ከየት እንደመጣች እግዜር ይወቅ። ወዲያው ሌላ የቀይ ልብ መዓት ዘነበልኝ።

እዚህ እንኳ እውነቱን ልጻፍ፤ ይህን ደብተር የሚያነብ የለም። ዲዛይኑ የእትዬ ነፊሳ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት መሥሪያ ቤቴ ለአራት ወር ቡታጅራ መድቦኝ ሳለ የተከራየሁት እሷ ግቢ ነበር። አልጋዋ ላይ የተነጠፈውን አይቼ ፍዝዝ አልኩ፤ ወረቀት አውጥቼ ረድፍ በረድፍ ነደፍኩት፣ እያንዳንዱን ቀለም ጭምር። ጨርቅ መቁረጥ ያስተማረችኝ እሷ፣ ክር ማሳጠር ያስተማረችኝ እሷ።

ነገ አስተካክላለሁ።

ሰኞ

አላስተካከልኩም።

ጠዋት ቢሮ ስገባ ወይንሸት ቆማ አጨበጨበችልኝ። ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው፤ መዝገብ ቤት ውስጥ እኔ ገቢ ደብዳቤ፣ እሷ ወጪ ደብዳቤ። ኃላፊያችን ሳይቀሩ ከቢሯቸው ወጥተው «እንዲህ ያለ እጅ ይዘሽ ነው ደብዳቤ ስትቆጥሪ የምትውዪው?» አሉኝ። በሚቀጥለው ወር የሴቶች የእጅ ሥራ ባዛር አለ። ከየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ይቀርባል፤ ከእኛ እኔ ነኝ። ቅጽ ሰጡኝ፤ የሚመለሰው የሚመጣው ሰኞ ነው። ስም፣ የሥራው ዓይነት፣ የፈጀው ጊዜ፣ ከዚያ «የፈጠራው ባለቤት» የሚል መስመር።

ሌላውን ሞልቼ ያችን መስመር ባዶ ትቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከሰዓት አንድ ሰውዬ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ላኪው አልተጻፈበትም፣ ማኅተም የለውም። «ከየት እንደመጣ ያልተገለጸ ወረቀት እኛ ጋ አይመዘገብም» ብዬ መለስኩት። አሥራ አንድ ዓመት ስለው የኖርኩት ነገር ነው። ዛሬ ግን ጆሮዬ ጋለ። ሰውዬው ከወጣም በኋላ አልበረደልኝም።

ማክሰኞ

ጉድ ፈላ።

ፎቶው ሥር ሰሚራ ጻፈች። ሰሚራ የእትዬ ነፊሳ የወንድም ልጅ ናት፣ አብራት ነው የምትኖረው። «ያቺን አረንጓዴ የማውቃት መሰለኝ! አክስቴ በካውያ አቃጥላት በመጋረጃ ቁራጭ የደፈነቻት አይደለችም እንዴ?» ከሥሩ የሳቅ ምስል ደርድራለች።

አነበብኩት። ደገምኩት። በካውያ!

እኔ እኮ ያችን አረንጓዴ ፍለጋ ሦስት ቅዳሜ የወልቂጤን ገበያ ስዞር ነበር። ጨርቅ ሻጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አረንጓዴዋ መጣች» እስኪሉ ድረስ። ትልቅ ምስጢር ያላት መስሎኛል! ልምላሜ ናት፣ የእንሰት ቅጠል ናት፣ በሐዘን መሐል ያለች ተስፋ ናት እያልኩ ለራሴ ስተረጉም ከርሜያለሁ። ለካ በጥንቃቄ የገለበጥኩት የተቃጠለ ቀዳዳ ኖሯል። ብቻዬን ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

ሳቁ ሲያልቅ ግን የሰሚራን ጽሑፍ ደበቅኩት። ጣቴን አንዴ ነካ ማድረግ ብቻ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ራሴን ጠልቼ መልሼ ገለጥኩት። ማንም አላስተዋለም ይሆናል፤ እኔ ግን አስተውያለሁ።

ምን ላድርግ?

ፎቶውን ማጥፋት። (ፈሪ።)

ሰሚራን በውስጥ መስመር መለመን። (ከፈሪም የባሰ።)

«ዋሽቻለሁ» ብሎ መጻፍ። (እህቴ ዕድሜ ልኳን ታነሳዋለች።)

ለእትዬ ነፊሳ ራሴ መንገር። አራት ወር እንደ ልጇ ያኖረችኝ ሴት ናት፤ ሌባ ናት ብላ እንድታስበኝ አልፈልግም።

ረቡዕ

ለወይንሸት ነገርኳት። ሳትስቅ አዳመጠችኝ፣ ከዚያ ሳቀች።

«ኧረ በናትሽ! የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል አልሰማሽም?» አለች። ወይንሸት የቸሃ ልጅ ናት። «እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የማን ልጅ ነህ ተብሎ ነው። አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ ከዚያ ዘመድ ይወጣል። የአልጋ ልብስሽ የማን ልጅ ነው ሲሉሽ ምን ልትዪ ነው? ከሰማይ ወረደ?»

ስልኬን ራሷ አንስታ ሰጠችኝ። ደወልኩ።

«ሙሉዬ! አለሽ? ወላሂ ትናንት ስላንቺ ነበር የምናወራው!» አለች እትዬ ነፊሳ።

ስለምን?

«ሰሚራ ፎቶ አሳየችኝ። መነጽሬ ተሰብሮ ምን አያለሁ ብለሽ፤ ቀይ ቀይ ነገር ነው የታየኝ። ማሻአላህ አልኩ ዝም ብዬ። ይዘሽው ነይ በእጄ ልዳስሰው።»

የጻፍኩትን አላየችም። ልናገር አፌን ከፈትኩና «እናንተ ጋ ዝናብ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። የለም አለች። ቅዳሜ እመጣለሁ አልኩና ዘጋሁት። ወይንሸት ራሷን ነቀነቀች።

ሐሙስ

ማስተካከያ ስጽፍ ዋልኩ። አንደኛው ረዘመ። ሁለተኛው እንባ በዛበት። ሦስተኛውን ወይንሸት አንብባ «ይሄ ይቅርታ ነው ወይስ የዝውውር ጥያቄ?» አለችኝ። «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ» የሚል ገብቶበት ኖሯል፤ የሥራ ልማድ።

የእትዬ ነፊሳን ስም ዝም ብዬ ልለጥፈው ነበር፣ ግን ራሷን ሳልጠይቅ ስሟን አደባባይ ማውጣትም ደስ አላለኝም። በመጨረሻ ይህችን ብቻ ለጠፍኩ፦ «የራሴ ፈጠራ ነው ያልኩት ልክ አይደለም። ያየሁት ከሌላ ሰው አልጋ ላይ ነው፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ባለቤቷን አስፈቅጄ ስሟን እጽፋለሁ።»

አንዱ «ሼም ነው» አለ። ሌሎቹ ግን ጎሽ አሉኝ። እህቴ ወዲያው ደወለች፣ እንዳልኩትም አነሳችው። የሚገርመው ቀለለኝ። ማታ ራቴን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ቅዳሜ

ቡታጅራ ነኝ። ይህን የምጽፈው የድሮው ክፍሌ ውስጥ ነው።

የሚኒባሱ ረዳት የአልጋ ልብሱን «ከላይ ልጫነው» ቢለኝ እንደ ሕፃን አቅፌ እምቢ አልኩ። መንገዱን ሙሉ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ።

ግቢው እንዳለ ነው። በርበሬ ተሰጥቷል፣ አፍንጫዬ ገና ከበሩ ማሳከክ ጀመረ። እትዬ ነፊሳ እንደ ድሮዋ ሻሿ ላይ ሦስት መርፌ ሰክታ ወጣች። አገላብጣ ሳመችኝና ሰላምታው ሳያልቅ «የታለ?» አለች።

ዘረጋሁላት። ፊቱን አላየችውም። ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ትዳስስ ጀመር፤ ስፌት የሚያውቅ ሰው የሚያየው ጀርባውን ነው። «ክርሽ አሁንም ይረዝማል» አለች። «ማዕዘኑ ግን ጎበዝ።» ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። ገለበጠችው። ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው።

«ያ አላህ! ቃጠሎዬን ሰፋሽው?»

መሬት ላይ ቁጭ አለች በሳቅ። ሰሚራ ግድግዳ ተደግፋ ትንፈራፈራለች። እኔም ሳቅኩ፣ ግን አሁን ካልተናገርኩ እንደማልናገር አውቄያለሁ።

«እትዬ ነፊሳ፣ የራሴ ነው ብዬ...» አነጠስኩ። «ሰው ሲጠይቀኝ የራሴ ፈጠራ ነው ብዬ...» ደግሞ አነጠስኩ። በርበሬው ሦስት ጊዜ አቋርጦኝ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ጀምበሯንም፣ ቅጹንም። «አሁን ግን ያንቺ መሆኑን ልጽፍ ነው፤ ፍቀጂልኝ» አልኳት።

ሳቋ ጠፋ። የተቀየመች መሰለኝ።

«የኔ ነው ብለሽ እንዳትጽፊ» አለች። «የአስካለ ነው።»

አስካለ የእምድብር ሰው ናት። ድሮ እዚህ ጎረቤቷ ነበረች። ሚሲዮን ስፌት ተምራ ነበርና እትዬ ነፊሳን መርፌ ያስያዘቻት እሷ ናት። አንድ ቀን ሠርግ ቤት ሴቶቹ የሙሽሮቹን የአልጋ ልብስ እያነሱ «የነፊሳ እጅ! የነፊሳ እጅ!» ሲሉ አስካለ አጠገቧ ተቀምጣለች። «አንዲት ቃል አልተነፈስኩም» አለችኝ። «ከእሷ ነው የተማርኩት ማለት አቅቶኝ? ከዚያ ወደ አገሯ ገባች። ስልኳ አለኝ። ለመስቀል ልደውልላት እልና ምን ብዬ እያልኩ እተወዋለሁ። ይኸው፣ ሰሚራ ያኔ አልተወለደችም።»

እኔ ከእሑድ ጀምሮ የተሸከምኩትን እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ተሸክማዋለች። አሳዘነችኝ፣ ደግሞ ይበልጥ ወደድኳት። ሰሚራ «አንድ ቤት ሁለት ሌባ!» ስትል አክስቷ ጫማዋን ወረወረችባት።

«ነገ እንደውልላታለን» አልኩ። እሺም እምቢም አላለችም። ራት ላይ ግን ቆጮውን እየቆረሰች እኔን ብቻ ስታጎርስ ነበር፤ እሷ አልበላችም።

እሑድ

አስካለ ከቅዳሴ እስክትመለስ ጠበቅን። ሰሚራ ደውላ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«ማን ልበል?»

«ነፊሳ ነኝ።»

«ነፊሳ? የኔዋ ነፊሳ?» የሚል ጩኸት መጣ፣ ስልኩ ተንጫጫ። ሞቼ ነው የመሰለሽ፣ ስንት ልጅ አገባ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነው የሚያወሩት። እትዬ ነፊሳ ግን እጄን ይዛ ነበር። በመጨረሻ ተናገረችው። ሠርጉን፣ ዝምታዋን፣ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» ብላ ጨረሰች።

«የትኛው የአልጋ ልብስ?» አለች አስካለ።

«መሐሉ ቀይ፣ ዙሪያውን እየከበበ የሚሄደው ነዋ። ያስተማርሽኝ።»

«ምሰሶውን ነው የምትዪው?»

«አዎ፣ ምሰሶውን!»

«እኔ መቼ አስተማርኩሽ? አይ ነፊሳ! እኔ ያሳየሁሽ አራት ማዕዘን ቆርጦ ጎን ለጎን መግጠም ነው። የሚሲዮኑ ሲስተሮችም ያስተማሩን እሱኑ ነው። ቀይ መሐል አስቀምጠሽ ‹ይሄ የቤቱ ምሰሶ፣ ይሄ ዙሪያው ግድግዳ› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? እኔማ ካንቺ ወስጄ እዚህ ለስንት ሙሽራ ሰፋሁበት! የማን ነው ሲሉኝ የነፊሳ ነው እላለሁ። ነፊሳ ማናት ሲሉኝ የቡታጅራዋ እላለሁ። ይኸው እምድብር ሙሉ ያውቅሻል።»

እትዬ ነፊሳ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ያ የሠርግ ቤት ዝምታ ሲከርምባት፣ የገዛ እጇን ሥራ እንኳ የአስካለ አድርጎባት ኖሯል።

«የኔ ነው?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

«ታዲያ የማን ይሁን?» አለች አስካለ።

አልቅሰናል። ሰሚራም አልቅሳለች፣ አላለቀስኩም ብትልም።

ይህን የምጽፈው ሚኒባስ ውስጥ ነው፣ ፊደሌ ይዘላል። ነገ ቅጹን ሞልቼ እመልሳለሁ። ኃላፊያችን «የፈጠራው ባለቤት» የሚለው ላይ የሌላ ሰው ስም ሲያዩ ከባዛሩ ያወጡኝ እንደሆነ እንጃ። ቢያወጡኝም አልከፋም፣ ትንሽ ብቻ እከፋለሁ።

ከመውጣቴ በፊት እትዬ ነፊሳ ጎኔ ተቀመጠችና «በይ ጻፊ» አለችኝ። ትናንት እንዳትጽፊ ያለችኝ ሴት «ከነአባቴ፣ ከነአያቴ» አለች። ጻፍኩ፦ «ምሰሶ። ያወጣችው የቡታጅራዋ ነፊሳ፣ የሸምሱ ልጅ፣ የሙዘይን የልጅ ልጅ። መርፌ ያስያዘቻት የእምድብሯ አስካለ። ይህኛውን የሰፋሁት እኔ፣ ሙሉ።» ፎቶው ሥር ለጠፍኩት።

መነጽር ስለሌላት «አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት።

«እንደገና» አለች።